ክረምቱን ለገጣፎ የቆመውን ቤታችንን ወደ ላንጋኖ ስናንቀሳቅስ የጉዞውን ቀን እንዴት እናድርገው?

ባለቅጥቅጧ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ የቤት ኪራዩን ትተን የምንኖረው ቀድሞ ሕዝብ ያመላልስ በነበረ ቅጥቅጥ አይሱዙ ውስጥ ነው። ወንበሮቹን አስወጥተን አልጋ፣ ማብሰያ፣ 200 ሊትር የሚይዝ ሮቶና አነስተኛ ማቀዝቀዣ አስገብተንበታል፤ ፖርቶ መጋላው ላይም ሁለት የሶላር ሰሌዳዎች ተገጥመውለታል። ክረምቱን ያሳለፍነው ለገጣፎ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ ቆመን ነው። አሁን መስቀል ሲያልፍ ወደ ላንጋኖ ወርደን ብርዱ የሚበረታባቸውን ወራት ሐይቁ ዳር ለማሳለፍ አስበናል። ሁለታችንም የምንሠራው በኮምፒውተር ስለሆነ የምንቆምበት ቦታ ኔትወርክ እስካለው ድረስ ወዲያና ወዲህ የሚያስሮጠን ጉዳይ የለም።

ያላስማማን የጉዞው ቀን ነው። ባለቤቴ ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ቁርሳችንን በልተን፣ ዕቃችንን ሰብስበን፣ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ብንነሳ እንኳ ሳይመሽ እንደርሳለን ይላል። እኔ ደግሞ ለወራት ቆሞ የከረመ መኪና በመጀመሪያው ቀን ያን ያህል መንገድ ሊጫንበት አይገባም፣ ቢሾፍቱ አድረን በማግስቱ እንቀጥል ባይ ነኝ። ቀድሞ ስንኖርበት ከነበረው ከሲኤምሲ ወደ ለገጣፎ ስንመጣ መንገዱ አጭር ስለነበር ብዙም የተማርነው ነገር የለም።

ስለዚህ ልምዱ ያላችሁ ሰዎች ስንት ሰዓት መነሳት እንደሚሻል፣ በየት በኩል ከከተማው ዳርቻ እንደምንወጣ፣ ሮቶውን ሞልተን ወይስ ባዶውን ይዘን እንደምንጓዝ ብትነግሩን ትልቅ ውለታ ነው። አንድ ተጨማሪ ችግርም አለ፤ የግቢው አፈር ዋልካ በመሆኑ የኋላ ጎማዎቹ ወደ ቸርኬው እስኪጠጉ ድረስ ሰምጠዋል።

ጡረተኛው ሾፌር

ጥያቄያችሁን ደጋግሜ አነበብሁት። ዕድሜዬን በሙሉ ጭነትና መንገደኛ ይዤ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ከመኪናው ልጀምር፤ ስለ ቤቱ ሌሎች ያውቃሉ።

የጉዞን ሰዓት ከመነሻው ሳይሆን ከመድረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩት። በጥቅምት ላንጋኖ ላይ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ይመሻል። ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ሐይቁ የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ነው፤ እንደ እናንተ ያለ ረጅም መኪና ደግሞ ደርሶ ሞተር ማጥፋት ብቻ አይበቃውም። ቦታ ይመረጣል፣ መሬቱ መያዙ በእግር ይፈተሻል፣ አልጋው እንዳያዘነብል ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ጣውላ ይገባል፣ መውጫው የት እንደሆነ ይታያል። ይህ ሁሉ በፀሐይ መሠራት ስላለበት መድረሻችሁን ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጋችሁ ያዙ። ከለገጣፎ ቱሉ ዲምቱ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በአዳማው የፍጥነት መንገድ እስከ ሞጆ ከባድ መኪና በልኩ ሲነዳ ሌላ አንድ ሰዓት፣ ከሞጆ ባቱ ባለው አዲሱ የፍጥነት መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከባቱ ወደ ሐይቁ አንድ ሰዓት፣ ለዕረፍትና ለምሳ አንድ ሰዓት ተኩል ብትሉ ስድስት ሰዓት ይሞላል። ባለቤትሽ በ4 ሰዓት ተነስተን እንደርሳለን ማለቱ በሒሳብ ልክ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጎማ ቢተነፍስ ወይም አንድ ቺንጋ ቢበጠስ የሚበላው ትርፍ ሰዓት የለውም። ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ከግቢው ብትወጡ ሁለት ሰዓት መጠባበቂያ ይኖራችኋል።

መውጫችሁ ከለገጣፎ በአያት አድርጎ ወደ ጎሮ፣ ከጎሮም ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚያደርሰው መንገድ ይሁን። መሐል ከተማ መግባት ምንም አይጠቅማችሁም፤ በቃሊቲ በኩል መዞርም ከጭነት መኪና ጋር መጋፋት ነው። ነዳጅ ከፍጥነት መንገዱ በፊት ሙሉ። መግቢያው ላይ ካርድ ወስዳችሁ ሒሳቡን የምትከፍሉት መውጫው ላይ ስለሆነ ካርዱን ከእጅ ከማይርቅ ቦታ አኑሩት፤ ቤት ሙሉ ዕቃ ባለበት መኪና ውስጥ አንዲት ወረቀት መፈለግ ቀላል አይደለም።

ቢሾፍቱ ማደሩን ግን አልደግፈውም። ቢሾፍቱ እኮ እዚሁ አጠገባችን ነው። ዕቃ ሁለት ጊዜ ማሰርና መፍታት፣ ከተማ ውስጥ ጥበቃ ያለበት የመኪና ማደሪያ ፈልጎ መደራደር፣ ለዚያች አጭር መንገድ ብሎ አንድ ቀን ማቃጠል ነው። እህቴ፣ ስጋትሽ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን የሙከራ ጉዞ ይመስለኛል። ከመነሻው ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ፣ ዕቃው በሙሉ እንደተጫነ እስከ ሰንዳፋ ደርሳችሁ ተመለሱ። ስትመለሱ ሳትውሉ ሳታድሩ መዳፋችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉና ሙቀቱን አመዛዝኑ። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ የሚፋጅ ከሆነ ክረምቱን በርጥበት የዛገው ፍሬን አልለቀቀም ማለት ነው። ለዚህም ነው ሁለት ቀን ያልኩት፤ ፍሬን ሸራ ለማየት አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይቀራችኋል። በዚያው አጋጣሚ የናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለውን ውሃ አፍስሱ፤ በጎደለ ታንከር ውስጥ የክረምቱ እርጥበት ወደ ውሃ ተለውጦ ይጠራቀማል፣ መኪናውም መንገድ ላይ መጎተት የሚጀምረው በዚህ ነው። ስኮርታ ጎማውንም ነፋሱን አስለኩት፤ ብዙ ሰው አራቱን አስነፍቶ አምስተኛውን የሚያስታውሰው በተቸገረ ዕለት ነው።

ስለ ዋልካው፦ ጋዝ ሰጥቶ ጎማ ማሽከርከር ጉድጓዱን ከማጥለቅ በቀር ጥቅም የለውም። ፀሐይ ለጥቂት ቀናት ትምታው። ከዚያ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አፈር በአካፋ አዘቅዝቃችሁ ጥረጉና ገረጋንቲ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉበት፤ በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይበዛ፣ መሪው ቀጥ እንዳለ ይውጣ። ይህም የሚሠራው ለሙከራው ጉዞ ስትወጡ ነው፤ ስትመለሱ መኪናውን ግቢው ውስጥ ሳይሆን ደረቁ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙራችሁ አቁሙት።

ስለ ቁልቁለቱ አትጨነቁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያወርደው ዓይነት ፍሬን የሚያቃጥል ጠመዝማዛ የለባችሁም፤ ወደ ስምጥ ሸለቆው የምትወርዱት በዝግታ ነው። ከቁልቁለቱ ይልቅ ነፋሱን ልብ በሉ። አዳማ ዙሪያ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሞጆ በኋላ ባለው ገላጣ ሜዳም ቁመተ ረጅም መኪና ከጎን ሲመታ መሪው ሲሳብ ይሰማችኋል። ያኔ ፍጥነት መቀነስ እንጂ መሪውን በኃይል መመለስ አያስፈልግም።

የሰበታዋ እመቤት

እኛም ከባለቤቴ ጋር ኮስተር ውስጥ ነው የምንኖረው፤ በአብዛኛው ሰበታ እንቆማለን፣ በበጋ ወደ ቡታጅራና ዝዋይ በኩል እንወርዳለን። አባታችን ስለ መኪናው የተናገሩት ሁሉ ይያዝልኝና ቤት ቤቱን እኔ ልጨምር።

ውሃውን በተመለከተ መልሴ ሮቶው ባዶ ይሁን፣ ውሃ ግን አይቅር የሚል ነው። 200 ሊትር 200 ኪሎ ነው፤ ሙሉው ክብደት ነው፣ ከሙሉው ይልቅ የሚያስቸግረው ደግሞ ግማሹ ነው። በግማሽ የተሞላ ሮቶ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ውሃውን ወደ ፊት፣ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ወደ ጎን ስለሚገፋው መኪናው ከሾፌሩ ፈቃድ ውጭ ይወዛወዛል። ስለዚህ ሮቶውን አፍስሳችሁ ሦስት ወይም አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አፋቸው ድረስ ሞልታችሁ ወለሉ ላይ፣ በሁለቱ ዘንጎች መካከል እሰሯቸው። መንገድ ላይ ብትቆሙ መጠጫ፣ መታጠቢያና ለራዲያተር የሚሆን አላችሁ፤ ላንጋኖም የሐይቁ ውሃ ቡናማና ለመጠጥ የማይሆን ስለሆነ ደርሳችሁ ቦኖ እስክታገኙ ታግሳችሁ መቆየት ትችላላችሁ። የምታፈሱት ውሃ ንጹሕ ከሆነ ለአክስትሽ ጎመን ይሁን፤ የዕቃ ማጠቢያውና የመጸዳጃው ግን ሳትነሱ እዚያው ሽንት ቤት መድፋት አለበት እንጂ በየመንገዱ ቦይ ውስጥ አይለቀቅም። በእኛ ኑሮ ሰውን ከሰው የሚያጣላው ይህ ነው። አንድ ጊዜ አንድ መኪና ቆሻሻውን ደፍቶ የሄደበት መንደር ከዚያ በኋላ ለማንኛችንም በሩን አይከፍትም።

ቡታጋዙን የምትዘጉት ከምድጃው ሳይሆን ከራሱ ከሲሊንደሩ ቁልፍ ነው። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ በቀበቶም ይታሰር። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ የሚጠራቀመው ወለሉ ላይ፣ አልጋው ሥር ነው፤ ከላይ ያለ መስኮት ብቻ ስለማያወጣው ወለሉ አጠገብ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ። ስትደርሱ ቡና ከማፍላታችሁ በፊት መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ካበጠ ጎማው በጉዞው ላልቷል ማለት ነው።

መደርደሪያውን በተመለከተ የእኔ ሥርዓት ከባዱ ወደ ታች፣ ብርጭቆው ወደ አልጋ ነው። ሲኒና ጀበናውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ትራስ መሐል አስተኛለሁ፤ ቅቤና ዘይት በድስት ውስጥ ይቀመጣሉ። አንድ የሚያስገርም ነገር ታያላችሁ፦ ለገጣፎ ላይ ክዳኑ ጠብቆ የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ ላንጋኖ ሲደርስ ጎኑ ተጨማድዶ፣ ወገቡ ገብቶ ይገኛል። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እኛ ያለንበት የአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ከ2,300 በላይ ስለሆነ ታች ያለው የከበደ አየር ይጨቁነዋል። ስትወርዱ ችግር የለውም። ስትመለሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የተዘጋ የሻምፑና የዘይት ዕቃ እዚህ ሲደርስ ተነፍቶ ስለሚቆይ ክዳኑን ስትከፍቱ ጨርቅ ያዙበት። ምስርና ሽሮ ሲበስልም ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን እዚያ 95 ያህል ስለሚደርስ ወጡ ፈጥኖ ይበስላል፣ ጋዙም ይበረክታል።

በመጨረሻ፣ በጉዞው ቀን የሥራ ድርሻችሁን ቀድማችሁ ለዩ። እኛ ቤት ውስጡን የምዘጋው እኔ ነኝ፣ ውጭውን የሚዞረው ባለቤቴ ነው፤ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ግን ቦታ ተቀያይረን እሱ ውስጡን፣ እኔ ውጭውን አንድ ጊዜ እናያለን። በር ላይ የተረሳ ደረጃ፣ ያልተዘጋ የጣሪያ መስኮት፣ ከጎማ ሥር ያልወጣ ድንጋይ የሚገኘው በሁለተኛው ዓይን ነው። ቀኑ እሑድ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በአያትና በጎሮ በኩል ያለው መንገድ እንደ እሑድ ጠዋት ባዶ የሚሆንበት ቀን የለም።

ባለ ሶላሩ

ከላይ ያልተነካው ኤሌክትሪኩ ስለሆነ በእሱ ላይ ላተኩር።

ክረምቱን ሙሉ ደመና ሥር የቆመ ባትሪ በአብዛኛው ሙሉ ሳይሆን ነው የከረመው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ጎድሎ መቆየቱ አቅሙን ይቀንሰዋል። ምንም ዕቃ ሳይሠራበት ጥቂት ሰዓት አሳርፋችሁ ለኩት፤ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 አካባቢ ካሳየ ግማሽ ነው። ግማሽ ሆኖ ከተገኘ ከአክስታችሁ ቤት መብራት ስባችሁ አንድ ሌሊት ሙሉት። የባትሪ ውሃውንም እዩ፤ የምትሄዱበት አገር ሞቃት ስለሆነ እዚያ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፣ የሚጨመረውም የተጣራው እንጂ የጀሪካኑ ውሃ አይደለም።

የቤቱ ባትሪና ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ መለያየታቸውን አረጋግጡ። ሁለቱ ያለ መለያ ተያይዘው ከሆነ ማቀዝቀዣው ሌሊት ሁለቱንም አድርቆ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የምትነሱበት ዕቅድ በገፊ ፍለጋ ይጀመራል። ማቀዝቀዣውን ከመነሻው በፊት ባለው ሌሊት በደንብ አቀዝቅዛችሁ ሙሉ አድርጋችሁ ያዙት፤ ዕቃ የሞላው ማቀዝቀዣ ከባዶው ይልቅ ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። ኢንቨርተሩ በጉዞ ላይ ይጥፋ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁ እንደሆነ ደግሞ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ በእናንተ ሁለት ሰሌዳ የሚታሰብ አይደለም፤ እንጀራውን አክስት ቤት ጋግራችሁ ሂዱ።

ሰሌዳዎቹ ፖርቶ መጋላው ላይ ተኝተው መገጠማቸው እኛ አገር ጉዳት የለውም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፣ ላንጋኖም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሚገኙ ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት ከአናት በላይ ነው የምትውለው። የሚጎዳችሁ የጥርጊያው አቧራ ነው፤ ስትደርሱ በመጀመሪያ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የሰሌዳዎቹን ብሎኖችና የባትሪውን ምሰሶ ማሰሪያ ደግሞ ከሰንዳፋው ሙከራ በኋላ እንደገና አጥብቁ፤ ንዝረት የሚያላላውን ነገር ያን ጊዜ አላልቶ ታገኙታላችሁ።

ባለቅጥቅጧ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። የሰንዳፋው ሙከራ ሁለታችንንም አስማምቶናል፤ ባለቤቴም የ4 ሰዓቱን ነገር ትቶታል፣ እኔም ቢሾፍቱን ትቻለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረን። አንደኛው፣ ሊብሬው አሁንም የሚያሳየው የሕዝብ ማመላለሻ መሆኑንና የመቀመጫውን ብዛት ነው፤ ኬላ ላይ ያስቸግረን ይሆን? ሁለተኛው፣ እሑድ መውጣቱን ጡረተኛው አባታችንም ይስማሙበታል?

ጡረተኛው ሾፌር

ከሁለተኛው ልነሳ። የሰበታዋ እህታችን ስለ መንገዱ ባዶነት የተናገረችው እውነት ነው፤ እኔ ግን ማክሰኞን እመርጣለሁ። እሑድ ጎሚስታ አይታጣም፣ የመለዋወጫ ሱቅ ግን ዝግ ነው። ለወራት የቆመ መኪና ደግሞ መንገድ ላይ የሚጠይቃችሁ ቺንጋ፣ የውሃ ጎማ፣ የፍሬን ጎማ እንጂ ነፋስ ብቻ አይደለም። ሞጆ ላይ ማክሰኞ የምታገኙትን ዕቃ እሑድ አዲስ አበባም ላታገኙት ትችላላችሁ። ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ከወጣችሁ የማክሰኞው መጨናነቅ አይደርስባችሁም። ቺንጋውንና ጎማዎቹን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ በመኪናው ከያዛችሁ ግን በእሑድም አልከራከርም።

ሊብሬውን በተመለከተ ነገሩን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ወረቀቱ መቀመጫ እያለ ውስጡ አልጋና ምድጃ ሲገኝ ትራፊክ ፖሊስ መጠየቁ ሥራው ነው። መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ የአካልና የአገልግሎት ለውጡ እንዲመዘገብላችሁ ጠይቁ፤ ታርጋው ኮድ 3 ከሆነ እሱም አብሮ መነሳት ያለበት ጉዳይ ነው። ኢንሹራንሱም ቢሆን መኪናው ምን እንደሆነ በትክክል ሳይነገረው የተገባ ውል በአደጋ ጊዜ ማከራከሩ አይቀርም። ቦሎው የዘንድሮው መሆኑን አሁኑኑ መስታወቱ ላይ እዩት፤ ካለፈበት ከሰንዳፋው ሙከራ በፊት ይታደስ፣ ምክንያቱም ያ መንገድም ኬላ አለው።

የሰበታዋ እመቤት

በማክሰኞው ተረትቻለሁ፤ ቺንጋውን ግን ያም ሆነ ይህ ግዙት። ሊብሬውን ስትከታተሉ ውስጡን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንስታችሁ፣ ወንበሮቹን ካወጣውና አልጋውን ከበየደው ጋራዥ ደረሰኝ ይዛችሁ ብትሄዱ ምልልሱ ይቀንስላችኋል። ቢሮው ማክሰኞን ካስረዘመባችሁ ሐሙስም ያው የሥራ ቀን ነው፤ ላንጋኖም ባለበት ይጠብቃችኋል።